ዋት ከመግዛትዎ በፊት ዳገቱን ይጠይቁ

ሸጎሌ ለብስክሌተኛ አመቺ የሚባል ሰፈር አይደለም። ከዴፖው ማልደው የሚወጡት አውቶቡሶች መንገዱን ይሞሉታል፤ ከዊንጌት የሚመጣው ሚኒባስ ተሳፋሪ ባየ ቁጥር ጥግ ይይዛል፤ በአዲሱ ገበያ አድርጎ ወደ ጎጃም የሚወጣው ከባድ መኪና ጭሱን እየተፋ ዳገቱን ይያያዘዋል። ለልምምድ ሲታሰብ ግን ከከተማዋ ጥሩ መነሻዎች አንዱ ነው። ሰሜኑን ዳገት የወጣ ጋላቢ ወደ ሱሉልታ ሜዳ ይወርዳል፤ ምዕራቡን የመረጠ በአስኮና በቡራዩ አልፎ የሆለታን መንገድ ይይዛል፤ ጊዜ ያጠረው ደግሞ እንጦጦን ወጥቶ ወርዶ ለቁርስ ቤቱ ይደርሳል።

እዚህ አካባቢ ብስክሌትን ከመዝናኛ አልፎ እንደ ስፖርት የያዘ ሰው ይዋል ይደር እንጂ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ ፓወር ሜትር ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? የመሣሪያው ዋጋ ብዙ ጊዜ ከራሱ ከብስክሌቱ ዋጋ ስለሚበልጥ ጥያቄው የዋዛ አይደለም። መልሱን ከወዲሁ መናገር ይቻላል። እንጦጦ ሥር የሚኖር ጋላቢ ፓወር ሜትር ከሚነግረው ነገር አብዛኛውን ከዳገቱና ከእጅ ሰዓቱ በነፃ ያገኘዋል። የቀረው ክፍል ገንዘብ ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለውን ለመወሰን ግን ጥቂት እርምጃዎችን በቅደም ተከተል መሄድ ያስፈልጋል።

መሣሪያው ምን ይሠራል?

ፓወር ሜትር ጋላቢው ፔዳሉን ሲረግጥ በየሴኮንዱ የሚያወጣውን ጉልበት በዋት ይለካል። ፔዳሉ ወይም ፔዳሉን የሚይዘው የብረት ክንድ ሲረገጥ ዓይን በማያየው መጠን ይለመጣል። በላዩ የተለጠፈው ስስ የብረት ቅጠል አብሮ ሲሳብ በውስጡ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ የመቋቋም አቅሙ ይለወጣል። መሣሪያው ከዚህ ለውጥ የአረጋገጡን ኃይል ያሰላል፣ በሚዞርበት ፍጥነት ያባዛል፣ ውጤቱን በብሉቱዝ ወይም በመሰል ሬዲዮ መሪው ላይ ወዳለው ትንሽ ኮምፒውተር ይልካል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው መሐንዲስ ኡልሪክ ሾበረር ኤስ አር ኤም የተባለውን ኩባንያ የመሠረተው በ1986 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ቱር ደ ፍራንስን ሦስት ጊዜ ያሸነፈው አሜሪካዊው ግሬግ ለሞንድ በ1990ዎቹ መጀመሪያ መሣሪያውን ከተጠቀሙ ቀዳሚዎች አንዱ ነበር። ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ በ1956 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት የሜልቦርን ኦሎምፒክ ሲጋልቡ ከእግራቸውና ከሳንባቸው ሌላ መለኪያ አልነበራቸውም። የመቐለው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. በላምፕሬ ሜሪዳ ማሊያ ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን የገባበት ዓለም ግን ጠቅላላ ልምምዱን፣ ምግቡንና ዕረፍቱን በዋት የሚቆጥር ነበር።

መጀመሪያ፦ ከቁጥሩ የሚፈልጉትን ይጻፉ

ወረቀት ይውሰዱና "ይህን መሣሪያ ብገዛ ከነገ ጀምሮ በተለየ መንገድ የማደርገው ነገር ምንድን ነው?" ለሚለው ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይመልሱ። "አቅሜን ለማወቅ" የሚለው መልስ አይቆጠርም፤ አቅምን ማወቅ ብቻውን እግር አያጠነክርም። "ማክሰኞ ማክሰኞ እያረፍኩ የምደጋግማቸውን የ4 ደቂቃ ከባድ ግልቢያዎች (ኢንተርቫሎች) መጀመሪያ ላይ እያበዛሁ መጨረሻ ላይ ስለምወድቅ እኩል ላደርጋቸው" የሚለው ግን መልስ ነው። "ለብቻ የሰዓት ሙከራ ውድድር እዘጋጃለሁ" የሚለውም እንዲሁ።

ወደ ውጭ ክለብ የመሄድ ሕልም ላለው ወጣት ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። የአውሮፓ ቡድኖች የማያውቁትን ጋላቢ ሲመዝኑ ከውድድር ውጤቱ ጎን የዋት መዝገቡን መጠየቅ ለምደዋል። ከአዲስ አበባ ሆኖ በየሳምንቱ አውሮፓ ሄዶ መወዳደር ለማይችል ልጅ ይህ መዝገብ እንደ ሥራ ማመልከቻ ያገለግላል። እንዲህ ዓይነቱ ጋላቢ የቀሩትን እርምጃዎች በፍጥነት አልፎ የዋጋውን ክፍል ቢያነብ ይበቃዋል።

ሁለተኛ፦ ሁለት ወር ከዳገቱ ጋር

የሚያስፈልገው ሰዓት፣ ሚዛንና ከፍታው የታወቀ ዳገት ብቻ ነው። ሽቅብ በሚጋለብበት ጊዜ አብዛኛው ጉልበት የሚውለው ክብደትን ወደ ላይ ለማንሳት ስለሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው።

ከእንጦጦ ዳገቶች አንዱን ወይም ከአዲሱ ገበያ በላይ ወደ ሱሉልታ ከሚወስደው መንገድ ቁራጭ ይምረጡ። ከ10 እስከ 20 ደቂቃ የሚያስኬድ፣ መስቀለኛ መንገድ የሌለው፣ ሚኒባስ የማይቆምበት ቢሆን ይመረጣል። መነሻና መድረሻውን በማይነቀል ነገር ምልክት ያድርጉበት፦ ድልድይ፣ የኪሎ ሜትር ድንጋይ፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶ። በሁለቱ መካከል ያለውን የከፍታ ልዩነት ከካርታ ያውጡ። የስልክ ጂፒኤስ በከፍታ ላይ ብዙ ሜትር ስለሚስት አንድ ጊዜ ባሳየው ቁጥር አይመኑ። አንዴ የያዙትን ቁጥር ግን አይለዋውጡ፤ 5 ሜትር ቢሳሳት እንኳ ሁልጊዜ በዚያው 5 ሜትር ስለሚሳሳት ከራስዎ ጋር ለመወዳደር አይጎዳም።

ቀጥሎ ክብደት። የሚመዘነው ጋላቢው ብቻ አይደለም፤ ብስክሌቱ፣ ጫማው፣ የራስ ቁሩ፣ የውሃው ጠርሙስ ሁሉ አብሮ ይመዘናል። የወፍጮ ቤት ሚዛንም ቢሆን ይበቃል።

አሁን ይጋልቡና ሰዓቱን ይያዙ። ጠቅላላ ክብደቱን በኪሎ በ9.81 ያባዙ፣ ውጤቱን በከፍታው ሜትር ያባዙ፣ በፈጀው ሴኮንድ ያካፍሉ። እንበልና ጋላቢውና ብስክሌቱ አንድ ላይ 80 ኪሎ ናቸው፤ የዳገቱ ከፍታ 300 ሜትር ነው፤ የፈጀው ጊዜ 20 ደቂቃ ማለትም 1,200 ሴኮንድ ነው። ውጤቱ 196 ዋት ይሆናል። በዚህ ላይ ጎማው ከአስፋልቱ ጋር በመፋተጉ፣ ነፋሱን በመግፋትና በሰንሰለቱ ውስጥ የሚባክነው ይጨመራል፤ 6 በመቶ በሚያዘነብል ዳገት ላይ ይህ ከ30 እስከ 35 ዋት ገደማ ነው። ስለዚህ ጋላቢው በእውነት ያወጣው ወደ 230 ዋት ይጠጋል።

የሒሳቡ ጥቅም የሚታየው በሚቀጥሉት ሳምንታት ነው። ያው ሰው ያንኑ ዳገት በ19 ደቂቃ ቢወጣ ክብደቱን ለማንሳት ያወጣው 206 ዋት ይሆናል። አንድ ደቂቃ ማሻሻል 10 ዋት ያህል ዋጋ አለው ማለት ነው። ጥሩ ፓወር ሜትር ራሱ በ1 ወይም በ2 በመቶ፣ በ200 ዋት ላይ ደግሞ እስከ 4 ዋት ሊስት እንደሚችል አምራቾቹ ይናገራሉ። ነፋስ በሌለበት ጧት፣ በተመዘነ ክብደት የተያዘ የዳገት ሰዓት ከዚህ ብዙም አይርቅም። ጥንቃቄው ያለው ክብደቱ ላይ ነው፤ በቀዝቃዛ ጧት የሚደረብ ጃኬትና ሁለተኛ የውሃ ጠርሙስ 2 ኪሎ ቢጨምሩና በሒሳቡ ባይገቡ 5 ዋት ይጠፋል።

ሙከራውን በየሁለት ሳምንቱ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ያድርጉት። ከጧቱ 12 ሰዓት ገደማ ነፋሱም መኪናውም ገና አይበረታም። አስፋልቱ ደረቅ ይሁን። (የጭነት መኪና ጀርባ ይዞ የወጣ ሰው ያን ቀን ደብተሩን ባይነካው ይሻላል። መያዙንም ቢተው ይበልጥ ይሻላል።) ጾመኛ የሆኑ ደግሞ ልብ ይበሉ፦ በሁዳዴ እስከ ከሰዓት በኋላ ሳይበሉ የሚቆዩ ከሆነ የጾሙን ሙከራ ከፍስኩ ጋር አያወዳድሩ። 55 ቀን ረጅም ስለሆነ የጾሙን ውጤት ከጾሙ ውጤት ጋር አስተያይቶ ማንበብ ይቻላል። ረመዳን የሚጾሙም እንዲሁ።

በደብተሩ ላይ ከሰዓቱ ጎን ሁለት ነገር ይጨምሩ። አንደኛው የልብ ምት ነው። ሁለተኛው ድካሙ ምን ያህል እንደተሰማዎት የሚያሳይ ቁጥር ነው፤ ስዊድናዊው ጉናር ቦርግ ከ6 እስከ 20 የሚሄድ መስፈርት ለዚሁ አበጅቷል፤ 6 ማለት ምንም አለመድከም፣ 20 ደግሞ ከዚያ በላይ የማይቻል ነው። ለአሠልጣኝ ይህ ተራ የሚመስል ቁጥር ብዙ ይናገራል። ያው ዳገት በዚያው ሰዓት ተወጥቶ ስሜቱ ከ15 ወደ 17 ከዘለለ ሰውነቱ ዕረፍት እየጠየቀ ነው።

ሁለት ወር ሲሞላ ደብተሩን ይክፈቱ። ባዶ ከሆነ ወይም አንድ ገጽ ተጽፎ ከተተወ ውሳኔው አልቋል፤ በወረቀት ላይ አንድ ቁጥር መያዝ ያልቻለ ሰው በየሴኮንዱ ቁጥር የሚያፈስ መሣሪያ ቢገዛ ቁጥሩ ስልኩ ውስጥ ተከማችቶ ይቀራል። ገንዘቡ ሌላ ቦታ ይፈለጋል። ደብተሩ ከሞላና "ይህን ዳገቱ ሊነግረኝ አልቻለም" የሚሉት ነገር ከተገኘ ይቀጥሉ።

ሦስተኛ፦ ዳገቱ የማይናገረውን ይለዩ

ዳገቱ ዝም የሚልበት የመጀመሪያው ቦታ ሱሉልታ ነው። ቁልቁለቱን ጨርሶ ሜዳው ላይ የወጣ ጋላቢ ነፋስ ይቀበለዋል። ወደ ጫንጮ ሲሄድ በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ያስኬደው ነፋስ ሲመለስ 22 ላይ ሊያስቀረው ይችላል፤ ያወጣው ጉልበት ግን አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። በቡድን ሲጋለብ ደግሞ ከጓደኛ ጀርባ የተደበቀው ሰው ከፊት ካለው በጣም ያነሰ ዋት እያወጣ በእኩል ፍጥነት ይሄዳል። በሜዳ ላይ ፍጥነት የልምምድ መለኪያ መሆን አይችልም፤ ዋት ይችላል።

ሁለተኛው አጭር ኢንተርቫል ነው። የልብ ምት ዘገምተኛ ምስክር ነው። የ1 ደቂቃ ኢንተርቫል ተጀምሮ ልብ እስክትደርስበት ድረስ ደቂቃው ሊያልቅ ይቃረባል፤ ቡና፣ ሙቀት፣ እንቅልፍ ማጣትና ውሃ ማነስም ከፍ ያደርጓታል። እስከ ሆለታ ደርሶ በሚመለስ ረጅም ጉዞ ላይ በመጨረሻው ሰዓት የልብ ምቱ ሲያሻቅብ ጋላቢው የበረታ ሊመስለው ይችላል። ፓወር ሜትር ያለው ሰው ግን ምቱ ሲጨምር ዋቱ እንዳልጨመረ፣ እንዲያውም እንደቀነሰ ያያል።

ሦስተኛው አረጋገጥን እኩል ማከፋፈል ነው። ብዙ ጋላቢ እንጦጦን ሲጀምር የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደቂቃዎች ያበዛና አናቱ ላይ ይከፍላል። ሰዓቱ ውጤቱን ብቻ ስለሚያሳይ ስህተቱ የት እንደተሠራ አይናገርም፤ የዋቱ መስመር ግን ይናገራል።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር፦ ከፍታ። ሸጎሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያነሰ ስለሆነ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በዚያው ልክ ያንሳል። አየሩን የለመደ ሰው እንኳ ለረጅም ጊዜ ሊያወጣው የሚችለው ዋት ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚያወጣው ከ10 እስከ 15 በመቶ ያነሰ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ በሚነሳው የእንጦጦ አናት ላይ ደግሞ ሌላ ጥቂት በመቶ ይቀነሳል። ስለዚህ ፓወር ሜትር የገዛ የሸጎሌ ልጅ ኢንተርኔት ላይ የኔዘርላንድን ጋላቢ ቁጥር አይቶ ቢያፍር ከንቱ ሐፍረት ነው፤ ሁለቱ የሚተነፍሱት አየር አንድ አይደለም። በተቃራኒው ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ ባሕር ዳር ለውድድር ሲወርድ ቁጥሩ ከፍ ይልለታል። እዚህ የተሠራ የዋት ሙከራ እዚያ፣ እዚያ የተሠራውም እዚህ አይጠቅምም፤ ከፍታ ሲለወጥ ሙከራው መደገም አለበት።

ለፍጥነት ግን ቀጭኑ አየር ወዳጅ ነው። እዚህ የሚገፋው አየር ከባሕር ዳርቻው ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ በመሆኑ በሜዳ ላይ ያው ዋት የበለጠ ያስኬዳል።

አራተኛ፦ መጀመሪያ ማርሹን ይቁጠሩ

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ በሰሜን አዲስ አበባ ከፓወር ሜትር በፊት መምጣት ያለበት ግዢ ቀላል ማርሽ ነውና።

በዋት የሚሠለጥኑ ሰዎች አብዛኛውን ሰዓታቸውን የሚያሳልፉት በቀላል ልምምድ ነው፤ ማውራት በሚያስችል፣ ከሙሉ አቅም ብዙ ዝቅ ባለ ዋት። ለመካከለኛ ጋላቢ ይህ 150 ዋት ገደማ ሊሆን ይችላል። አሁን ያን 150 ዋት ይዞ 8 በመቶ ዳገት ላይ የወጣውን፣ ከነብስክሌቱ 80 ኪሎ የሆነውን ጋላቢ ያስቡት። ፍጥነቱ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የፊቱ ማርሽ 42 ጥርስ፣ የኋላው ትልቁ 24 ጥርስ ከሆነ፣ በየከተማው በብዛት እንደሚታዩት አሮጌ የውድድር ብስክሌቶች ማለት ነው፣ ፔዳሉ የሚዞረው በደቂቃ 36 ጊዜ ብቻ ይሆናል። በዚህ ፍጥነት ብስክሌቱን ማስቀናት ራሱ ይከብዳል፤ ጉልበት ይጎዳል፤ ጋላቢው ሳይወድ ከኮርቻው ተነስቶ 220 ዋት ይረግጣል። ቀላሉ ልምምድ ከባድ ሆነ።

የፊቱ 34፣ የኋላው 32 ጥርስ ቢሆንለት በዚያው ዋት በደቂቃ 60 ጊዜ ገደማ ያዞራል። ከሸጎሌ የሚወጣ መንገድ ሁሉ ዳገት ስላለበት ቀላል ማርሽ የሌለው ሰው ፓወር ሜትር ቢገዛ መሣሪያው በየጧቱ የሚነግረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዛሬም ከታቀደው በላይ ረገጥክ። ይህን ለማወቅ መቶዎች ዶላር ማውጣት አያስፈልግም።

አምስተኛ፦ ወጪውን በሙሉ ይደምሩ

በግራ በኩል ብቻ የሚለኩት ርካሾቹ ፓወር ሜትሮች በውጭ ገበያ ከ250 እስከ 400 ዶላር አካባቢ ይገኛሉ። ሁለቱንም እግር የሚለኩ ፔዳሎች ከ500 ዶላር ገደማ ተነስተው ከ1,000 ያልፋሉ። የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ በመሆኑ ርካሹ እንኳ ከአሥር ሺዎች ብር ይጀምራል፤ ከዚያ የመላኪያውና የጉምሩኩ ይከተላል።

ሒሳቡ በዚህ አያበቃም። ቁጥሩን የሚያሳይ ኮምፒውተር ወይም መሪው ላይ የሚታሰር ስልክ ያስፈልጋል፤ ስልክ በእንጦጦ ዝናብና በሱሉልታ አቧራ ብዙ አይበረክትም። ፔዳሉ ላይ የሚገጠመው ዓይነት ከታች ማያያዣ ያለው የብስክሌት ጫማ ይፈልጋል፤ በስኒከር አይረገጥም። ባትሪውስ? አንዳንዱ በሰዓት ሠሪ ዘንድ የሚገኙ ክብ ባትሪዎችን ይበላል፣ አንዳንዱ ቻርጅ ይደረጋል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ይህች ትንሽ ነገር ከግዢው በፊት መታየት አለባት።

በአንጻሩ ደረት ላይ የሚታሰር የልብ ምት መለኪያ ከ50 እስከ 100 ዶላር ይገኛል። ጥሩ ጎማ፣ ትርፍ ካላማዳሪያ፣ ያላለቀ ሰንሰለት፣ የፍሬን ጎማና ደህና የራስ ቁር ከፓወር ሜትሩ በፊት ይመጣሉ፤ ከእንጦጦ የሚወርድ ሰው ፍሬኑን ሳያድስ ዋት ሊገዛ ማሰቡ የቅደም ተከተል መዛባት ነው። በሳምንት ከአምስት ሰዓት በታች ለሚጋልብ፣ ለጤናውና ለደስታው ለሚወጣ ሰው መልሱ እዚህ ላይ "አልገዛም" ቢሆን ምንም አይጎድልበትም። አሠልጣኝ ያለው፣ በሳምንት ስምንትና ከዚያ በላይ ሰዓት የሚጋልብና የሚወዳደር ሰው ግን ከቀላል ጎማና ከካርቦን ዕቃ ይልቅ ፓወር ሜትርን ቢያስቀድም ትክክል ነው። ቀላል ጎማ ጥቂት ሴኮንዶች ይሰጣል፤ በአግባቡ የተመራ ልምምድ ደቂቃዎችን።

ስድስተኛ፦ ለብስክሌቱ የሚሆነውን ይምረጡ

ከፔዳሉ ክንድ ጋር የሚመጣው ዓይነት ከብስክሌቱ መሐል እምብርት ጋር ልክ መግጠም አለበት። አሮጌው ብስክሌት ባለ አራት ማዕዘን ዘንግ ከሆነ ዛሬ ከሚሸጡት አብዛኞቹ አይገጥሙትም። በአንጻሩ የፔዳል ብሎን በአብዛኞቹ የአዋቂ ብስክሌቶች ላይ አንድ ዓይነት ስለሆነ ፔዳል ላይ ያለው መለኪያ ከአንዱ ብስክሌት ወደ ሌላው ይዛወራል። ሁለት ብስክሌት ላለው ወይም በክለብ ብስክሌት ለሚጋልብ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ድክመቱ ለመውደቅና ለድንጋይ መጋለጡ ነው።

አንድ ወገን ወይስ ሁለት? በግራ ብቻ የሚለካው የግራውን ቁጥር በሁለት ያባዛዋል። ግራ እግሩ 48 በመቶ፣ ቀኙ 52 በመቶ የሚረግጥ ሰው በእውነት 200 ዋት ሲያወጣ መሣሪያው 192 ያሳየዋል። ስህተቱ በየቀኑ ያው ከሆነ ለልምምድ አይጎዳም፤ ራስን ከራስ ጋር ለማስተያየት ይበቃል። ችግሩ ድካም ሲበረታ የሁለቱ እግሮች ድርሻ በሚለዋወጥበት ጋላቢ ላይ ነው፤ በተለይ ከጉዳት የተመለሰ ሰው ሁለቱንም የሚለካውን ቢመርጥ ይሻለዋል።

ሰባተኛ፦ ቁጥሩን የሚያነብ ሰው ይኑር

አሜሪካውያኑ ሀንተር አለንና አንድሩ ኮጋን በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት መጽሐፍ ያስፋፉት ዘዴ ዛሬም መደበኛ መነሻ ነው። ጋላቢው በደንብ ከሞቀ በኋላ 20 ደቂቃ በሙሉ አቅሙ ይጋልባል፤ የአማካዩ 95 በመቶ እንደ ጣሪያው፣ ማለትም ለረጅም ጊዜ ሊያወጣው እንደሚችለው ዋት፣ ይወሰዳል። 220 ዋት ያወጣ ሰው ጣሪያው 209 ነው። ከጣሪያው ከ56 እስከ 75 በመቶ ያለው፣ ለእርሱ ከ117 እስከ 157 ዋት፣ ረጅሙና ቀላሉ ልምምድ ነው። ከ91 እስከ 105 በመቶ ያለው፣ ከ190 እስከ 219፣ የጣሪያው ልምምድ ነው።

ይህን ለማስላት አሠልጣኝ አያስፈልግም። በየትኛው ቀን የትኛው ይሠራ፣ መቼ ይታረፍ፣ ቁጥሩ ለሦስት ሳምንት ሲወርድ በሽታ ነው ወይስ ድካም፣ የሚለው ግን ሰው ይፈልጋል። ብቻውን የሚሠለጥን ቢያንስ ልምድ ካለው የቡድን ጓደኛ ጋር ፋይሉን በየወሩ ቢያይ መልካም ነው።

ቁጥር የማይስማማውም አለ። የቱር ደ ፍራንስ ዳይሬክተር ክርስቲያን ፕሩዶም ፓወር ሜትር ጋላቢዎችን ከጥቃት ይልቅ ሒሳብ ላይ እንዲያተኩሩ ያደርጋል በሚል ከውድድር ውስጥ እንዲወጣ ጠይቋል። በየደቂቃው ስክሪን እያየ በቁጥሩ ማነስ የሚናደድ ሰው ፕሩዶምን ቢሰማው ይሻላል። በሸጎሌ መንገድ ላይ ደግሞ ዓይንን ከአስፋልት ላይ ማንሳት ሌላም ዋጋ አለው፤ ጉድጓዱም ሚኒባሱም ዋት አያነቡም። የኢንተርቫል ቀን ከሆነ ከሰፈሩ እስኪወጡ ስክሪኑን ይርሱት።

ከወሰኑ በኋላ

የሚገዙት ያገለገለ ከሆነ ገንዘብ ሳይከፍሉ ብስክሌት ላይ አስገጥመው ይሞክሩት። ፔዳሉ ሳይነካ ዜሮ ማሳየት አለበት፤ በተከታታይ ዜሮ ሲደረግ የሚያወጣው ቁጥር ብዙ የሚዋልል ከሆነ ይተዉት። የባትሪውን ክዳን ከፍተው ዝገት ይፈልጉ፤ የክረምት ጭቃ መጀመሪያ የሚገባው እዚያ ነው። ባለቤትነቱ ከቀድሞው ሰው ስልክ ላይ መለቀቁንም ያረጋግጡ።

ከገዙ በኋላ በየጧቱ ከመነሳትዎ በፊት ዜሮ ማድረግን ልማድ ያድርጉት። ብረት በሙቀት ይለወጣል፤ ቤት ውስጥ ያደረ ብስክሌት ወደ ቀዝቃዛው ጧት ሲወጣ ጥቂት ደቂቃ ውጭ ቆሞ ቢለካ ይሻላል። በመጀመሪያው ወር ልምምድዎን አይለውጡ፤ እንደወትሮው እየጋለቡ ቁጥሩ ይጠራቀም። ያንን የሚያውቁትን ዳገት ሲወጡ መሣሪያው የሚያሳየውን ዋት በወረቀት ካሰሉት ጋር ያስተያዩ፤ የጎማውንና የነፋሱን ድርሻ ጨምረውም ልዩነቱ ከ20 ዋት ካለፈ ወይ ክብደቱ ተሳስቷል ወይ ገጠማው።

ብዙ ሰው መሣሪያውን የሚያገኘው ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው። ሱቆች የመመለሻ ቀን አላቸው፤ ዘመድ ደግሞ ለበዓል ካልሆነ አይመጣም። ዕቃው በሻንጣ ውስጥ ወር ተቀምጦ ሸጎሌ ሲደርስ ያ ቀን አልፎ ይገኛል። ስለዚህ የሚያመጣልዎ ሰው ሳጥኑን እዚያው ከፍቶ ከስልኩ ጋር ያገናኘው፤ ሁለቱም ወገን መብራቱንና ባትሪው መያዙን ይየው፤ ደረሰኙንም ፎቶ አንስቶ ይላክልዎ። ፔዳል ከሆነ ከጫማው ሥር የሚታሰረው ማያያዣ በሳጥኑ ውስጥ መኖሩን ያረጋግጥ፤ ከሌለ እዚያው ይግዛው።